ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እና ጥቂቶቹ ጽሑፎቻቸው

የአንድ ተመራማሪ ሥራ ሲመዘን በመጀመሪያ የሚቆጠረው ያሳተማቸው ጽሑፎች ብዛት ነው። ቀጥሎም ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚያን ጽሑፎች ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደ ጠቀሷቸው ይታያል። ይህ ቆጠራ መልክና ሥርዓት የያዘው፣ ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ዋቢዎችን ማውጫ ማሳተም ከጀመሩ ወዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ የአንድን ሰው የምርምር ሕይወት በአንድ ነጠላ ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አቀረቡ። በዚህ መለኪያ 10 ያገኘ ሰው፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሦስት ጽሑፎች ብቻ ያሉት ሰው ግን፣ እያንዳንዳቸው ሺህ ጊዜ ቢጠቀሱለት እንኳ፣ ከ3 በላይ ሊያገኝ አይችልም።

እንዲህ ባለው ሚዛን ቢመዘኑ ቀልለው የሚታዩ፣ ነገር ግን በሙያቸው መስክ ስማቸው ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ ሐኪም በኢትዮጵያ ኖረው አልፈዋል። እኚህም ሰው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ናቸው። ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከርሳቸው በኋላ ብዙ ዓመታት ስለ ኖሩና ስማቸው በዓለም ስለ ናኘ፣ የባልየው ስም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከሚስቲቱ ተከትሎ ነው። የወሊድ ፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በሚጠናበት ሥፍራ ሁሉ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በዚያ በመጀመሪያ የሚነበበው ስም የሬጂናልድ ሐምሊን ነው።

ከኔፕየር እስከ ሲድኒ

ሬጂናልድ ሐምሊን የተወለዱት በ1908 ኔፕየር በተባለችው የኒው ዚላንድ ከተማ ነው። የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ሆነው፣ በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ በሚገኘው የክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ለመሆን በቁ። ከካትሪን ኒኮልሰን ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ ካትሪን በዕድሜ በ16 ዓመት የሚያንሷቸው ወጣት ሐኪም ነበሩ። ጋብቻቸውን በ1950 ፈጸሙ።

ስማቸውን በመጀመሪያ ያስጠራው ጽሑፍ የታተመው በ1952 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ነበር። የጽሑፉም ጉዳይ ኤክላምፕሲያን መከላከል ነው። ይህ ሕመም የነፍሰ ጡሯ የደም ግፊት ከፍ ብሎ፣ ሰውነቷ አብጦ፣ በመጨረሻ በመንቀጥቀጥ ራሷን እንድትስት የሚያደርግ፣ እናትንም ልጅንም የሚገድል ነው። ሐምሊን ያቀረቡት አዲስ መድኃኒት አልነበረም። ያቀረቡት የክትትል ሥርዓት ነው፦ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ሳያቋርጡ እንዲመረመሩ፣ ክብደታቸው በየጊዜው እንዲመዘን፣ አመጋገባቸው እንዲጠበቅ፣ የአደጋው ምልክት ገና ሲጀምር ሆስፒታሉ እርምጃ እንዲወስድ ማድረግ። በሆስፒታሉም ሕመሙ እጅግ እንደ ቀነሰ ጽሑፉ አሳየ።

ይህ ጽሑፍ ከወጣ ጀምሮ በደጋፊዎችም በተቃዋሚዎችም ሲጠቀስ ኖሯል። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች የነፍሰ ጡሯን ክብደት በምግብ መቀነስ ሕመሙን ይከላከላል የሚለውን ሐሳብ አላጸደቁትም። ያልተቋረጠ የቅድመ ወሊድ ክትትል ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሙያው መሠረት ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ አንድ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተጠቀሰ ማለት ሁሉ ነገሩ ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ሌሎች ሊያልፉት የማይችሉት ጥያቄ አስነሣ ማለት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሐምሊን በኋላ በኢትዮጵያ የሠሩትን ለመረዳት ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር መያዝ ይገባል። ሰውየው ሕመም ከደረሰ በኋላ ከማከም ይልቅ ሳይደርስ መቁጠርንና መከታተልን ያስቀደሙ ሐኪም ነበሩ።

ለሦስት ዓመት ውል

ላንሴት የሐምሊንን ጽሑፍ ካተመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው መጽሔት አንድ የሥራ ማስታወቂያ ወጣ። በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ይፈለግ ነበር። ባልና ሚስቱ ማስታወቂያውን አይተው አመለከቱ፤ በ1959 ትንሹን ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ሬጂናልድ በዚያ ጊዜ የ51 ዓመት ሰው ነበሩ። ውላቸው ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ እርሳቸው 34 ዓመት ቆዩ።

በሆስፒታሉ የጠበቃቸው ግን በሲድኒም ሆነ በለንደን ያላዩት ጉዳት ነበር። ምጥ ለቀናት ሲራዘምና ልጁ መውጫ ሲያጣ፣ ጭንቅላቱ የእናቱን ፊኛ ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። በሁለቱ ጠንካራ አካላት መካከል የተጨመቀው ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ይሞታል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ይረግፍና በፊኛና በማኅፀን በር መተላለፊያ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል፤ አንዳንድ ጊዜም ቀዳዳው ወደ ትልቁ አንጀት ይዘልቃል። ከዚያ ወዲያ ሽንቱ ሌትና ቀን ያለማቋረጥ ይፈሳል። ብዙዎቹ ልጃቸውን ባጡ ማግሥት ባላቸውንና ጎረቤታቸውንም ያጣሉ። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው።

በአውሮፓ ሕሙማኑ ስለ ጠፉ ጥበቡም አብሮ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ስለዚህ ሐምሊንና ባለቤታቸው የቀደሙትን ጽሑፎች ማገላበጥ ያዙ። ጄ. ማሪዮን ሲምስ የተባለው አሜሪካዊ በ1852 ፊስቱላን በብር ክር የመስፋት ዘዴውን አሳትሞ ነበር። ዘዴውን የሞከረው በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ስለ ነበር፣ የሥራው ታሪክ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በካይሮ ፕሮፌሰር ነጊብ ማሕፉዝ ፓሻ፣ ደራሲው ነጊብ ማሕፉዝ ስማቸውን የወረሰው ስመ ጥሩ ሐኪም፣ የብዙ ዓመታት ልምዳቸውን ጽፈው ነበር። በኦክስፎርድ ደግሞ ፕሮፌሰር ቻሳር ሞየር ስለዚሁ ጉዳት በ1961 አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጡ። የሐምሊን ቀዶ ሕክምና የተወለደው ከእነዚህ የታተሙ ገጾች ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በመደርደሪያ ላይ የቆየ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ወረደ። ዋቢ መጥቀስ ማለት በመሠረቱ ለእንዲህ ያለው ዕዳ የሚሰጥ ደረሰኝ ነው፤ ሐምሊንም ዕዳውን በቶሎ መክፈል ጀመሩ።

ስድስት መቶ እና ሰማንያ

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትን ማሳተም የጀመረው በ1962 ነው። ሐምሊን የመጀመሪያውን የፊስቱላ ጽሑፋቸውን በ1966 ያወጡት በዚሁ መጽሔት ሲሆን፣ ርዝመቱ አራት ገጽ ብቻ ነበር። ይዘቱም 600 የፊስቱላ ሕሙማንን ከማከም የተገኘውን ልምድና፣ ከታከሙት ሴቶች በኋላ የተከተሉትን 80 ወሊዶች የሚመለከት ነው።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ አንድ የማኅፀን ሐኪም ከምጥ የመጣ ፊስቱላ ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችል ነበር። በአዲስ አበባ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ 600 ሴቶች በአንድ ጽሑፍ ተመዘገቡ። ቁጥሩ የሐኪሞቹን ትጋት እንደሚያሳይ ሁሉ የአገሩን መልክዐ ምድርም ያሳያል። ለምሳሌ የወሎውን የአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ ማሰብ ይቻላል። አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ በተራሮች የተከበበ የደጋ ሐይቅ ሲሆን፣ ውኃው በአንካርካ ወንዝ ወደ ታላቁ የሐይቅ ሐይቅ ይወርዳል። በዳርቻው ያለች እናት ምጥ ቢጠናባት በቃሬዛ ተይዛ በተራራው መንገድ ሐይቅ ከተማ መድረስ፣ ከዚያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ደሴ መግባት ነበረባት። ፊስቱላ ከያዛት ደግሞ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራታል፤ በአውቶቡስ ተሳፋሪው የሚሸሻት ሴት ይህን መንገድ እንዴት እንደምትዘልቀው መገመት አያዳግትም። ሐኪሞቹ የቆጠሯቸው እንግዲህ መንገዱን መዝለቅ የቻሉትን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ጽሑፉን ከተራ የቀዶ ሕክምና ዘገባ የሚለየው 600 ሳይሆን 80 የሚለው ቁጥር ነው። ቀዶ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚዘጋው ስፌቱ ሲደርቅና ሕመምተኛዋ ወደ ቤቷ ስትሸኝ ነው። እነዚህ ሐኪሞች ግን የሴቲቱ ሕይወት ከሆስፒታሉ በር ውጭ እንደሚቀጥል አሰቡ። የተፈወሰች ሴት ትዳር ትይዛለች፤ ታረግዛለች፤ የዳሌዋ ጥበት ግን እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው ምጥ እንደ መጀመሪያው በቤት ከተራዘመ የተሰፋው ተመልሶ ይቀደዳል። ስለዚህ ቀጣዩ ወሊድ በሆስፒታል፣ በሐኪም ጥበቃ እንዲሆን ያስፈልጋል። የአርዲቦዋን ሴት የመሰለች እናት ጊዜዋ ሳይደርስ ያንን ሁሉ መንገድ እንደገና መጀመር አለባት ማለት ነው። በ1952ቱ ጽሑፍ ነፍሰ ጡርን ሳይታክቱ የተከታተሉት ሰው በ1966ቱም የተፈወሰችውን ተከተሏት።

በዚህ ጽሑፍ ራስ ላይ ከሐምሊን ቀጥሎ የሰፈረው ስም ኢ. ሲ. ኒኮልሰን ይላል። ይህ ሌላ ሰው አይደለም፤ ኤሊኖር ካትሪን ኒኮልሰን፣ ማለትም ራሳቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናቸው። በጽሑፎቹ የተጠቀሙት በአባታቸው ቤተሰብ ስም ነበር። ውጤቱም የሚያስገርም ነው። የማውጫዎቹ አንባቢ ሐምሊን ካትሪን ብሎ ቢፈልግ እነዚህን ሁለት ሥራዎች አያገኛቸውም። የዓለም ጋዜጦች የሚያውቋቸው ሴት በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ ከባለቤታቸው ጎን ባልታወቀ ስም ቆመው ይገኛሉ። የማውጫ ቁጥር ስምን እንጂ ሰውን አይቆጥርምና።

የሽንት ቱቦውን እንደገና መሥራት

ሦስተኛው ጽሑፍ በ1969 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ወጣ። ይህም በሁለቱ ስም የታተመ፣ እንደ ቀድሞው አራት ገጽ ብቻ የሆነ ሥራ ነው። ጉዳዩ ግን ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነበር፤ ይኸውም በምጥ ጊዜ የሽንት ቱቦው ከነጭራሹ የጠፋባቸው ሴቶች ሁኔታ ነው።

ቀዳዳን መድፈን አንድ ነገር ነው፤ የጠፋን አካል መሥራት ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ ከተረፈው ሥጋ ጥቂቱን አንሥቶ፣ እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ይሰፋዋል። የተሰፋው ሥጋ ቀጭንና ደም ያነሰው በመሆኑ ብቻውን አይቆምም። ስለዚህ ከጭን ውስጠኛ ክፍል አንድ ጡንቻ ከነደም ሥሩ ተስቦ፣ ከሥር ደጋፊና ደም መጋቢ እንዲሆነው ይደረጋል። ማንኛውም ግንበኛ እንደሚያውቀው መጋጠሚያው የሚጸናው ከጀርባው ያለው መደገፊያ ሲጸና ነው። በሥጋ ሥራ ደግሞ መደገፊያው ራሱ ሕይወት ሊኖረው ይገባል።

ከዚህም በላይ ከባድ የሆነው ሽንትን መቆጣጠር ነው። ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ቱቦው ተሠርቶ፣ ሴቲቱ አሁንም ሽንቷን መያዝ ሊሳናት ይችላል። ለሐኪሙ የተሳካ ቀዶ ሕክምና ለሕመምተኛዋ ያልተሳካ ሊሆን የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። ከሐምሊን ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ሁሉ ተደፈነ እና ደረቀች የሚሉትን ሁለት ነገሮች ለያይተው ለመቁጠር ተገደዋል። የ1969ኙ ጽሑፍ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም መጠቀሱ አልቀረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለዚህ ጉዳት የተሟላ መፍትሔ ገና አልተገኘምና፣ አዲስ ዘዴ የሚያቀርብ ሁሉ መነሻውን ሊያልፈው አይችልም።

በእጅ የተጻፈው

በ1974 ሐምሊንና ባለቤታቸው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዓመቱ አብዮት የፈነዳበት፣ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች አገሩን የለቀቁበት ነበር። እነርሱ ግን በዚያው ቆዩ፤ ሕክምናውም ለሕሙማን በነጻ ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የቀዶ ሕክምናው ቁጥር በሺዎች አደገ። የሐምሊን የታተሙ ጽሑፎች ግን በዚያው ልክ አላደጉም። በማውጫዎች ጎልተው የሚታዩት እነዚያው የቀደሙት ናቸው።

ይህን በሁለት ዓይን መመልከት ይገባል። አንደኛው፣ ሐምሊን ዕውቀታቸውን በሌላ መንገድ አስተላለፉ ማለት ነው። ማሚቱ ጋሼ ሕመምተኛ ሆና መጥታ፣ ከፈወሷት ሐኪሞች ጋር በአስታማሚነት ቆየች። ፊደል ሳትቆጥር በቀዶ ሕክምና ክፍል እያየችና እየረዳች፣ በመጨረሻም ራሷ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ በቃች። ከዚያም በላይ የሠለጠኑ ሐኪሞችን እስከ ማስተማር ደረሰች። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያውን ለሐምሊን ባልና ሚስት ሲሰጥ ለርሷም አብሮ ሰጥቷል። ከበርሚንግሃም ዶክተር ጆን ኬሊን የመሰሉ ሐኪሞችም እየተመላለሱ በአዲስ አበባ ሠርተዋል። የሐምሊን ዘዴ ከገጽ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። የዋቢ ማውጫ ይህን ዓይነቱን ዝምድና የሚመዘግብበት ዓምድ የለውም።

ሁለተኛው ዓይን ግን ያን ያህል የሚያጽናና አይደለም። በእጅ የሚተላለፍ ጥበብ የሚደርሰው እጁ አጠገብ መቆም ለቻለ ብቻ ነው። አዲስ አበባ መምጣት ያልቻለ በሌላ ድኻ አገር ያለ ሐኪም በመደርደሪያው ላይ የሚያገኘው እነዚያኑ አራት አራት ገጾች ነው። የትኛው ስፌት ከዓመታት በኋላ እንደ ጸና፣ የትኛው እንደ ላላ፣ የትኛዋ ሴት እንደ ተመለሰች የሚነግሩ የብዙ ዓመታት መዝገቦች በጊዜው በስፋት ቢታተሙ ኖሮ ጥቅማቸው በቀላሉ የሚገመት አልነበረም። ሐምሊን ራሳቸው ሙያውን የጀመሩት ሌሎች ጽፈው ባቆዩላቸው ገጾች ነው፤ እነ ማሕፉዝና ሞየር ባይጽፉ ኖሮ የ1959ኙ ጅምር ይበልጥ በጨለማ የሚደረግ ጉዞ በሆነ ነበር። በር ላይ ተራዋን የምትጠብቅ ሕመምተኛ እያለች ሐኪሙ ብዕር ባለማንሣቱ ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን ኪሣራው ኪሣራ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ክፍተቱን መሙላት የሌሎች ድርሻ ሆነ። ጆን ኬሊና ባርባራ ክዋስት የኢትዮጵያን ፊስቱላ ሕሙማን ሁኔታ የሚመለከተውን ጥናታቸውን በ1993 አሳተሙ። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ85 ዓመታቸው ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው።

ከርሳቸው በኋላ

ባለቤታቸው በመጋቢት 2020 እስኪያርፉ ድረስ ሥራውን መሩ። ሆስፒታሉ ከተመሠረተ ጀምሮ ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ድርጅት ፊስቱላን ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2006 ለአገሮች የሚያገለግል መመሪያ አወጣ። አዲስ አበባ ላይ የጎለመሰው ጉዳይ በዚህ መልክ የዓለም አጀንዳ ሆነ።

በአገር ውስጥም ሕክምናው ወደ ሕሙማኑ እንዲቀርብ በባሕር ዳር በ2005፣ ቀጥሎም በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። በ2007 ደግሞ የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተቋቋመ። ሐምሊን በ1959 ውል የፈረሙበት ሥራ ይኸው አዋላጆችን ማሠልጠን ነበር፤ ያን ጊዜ የተጀመረው ትምህርት ቤት ረጅም ዕድሜ አላገኘም። 48 ዓመት ዘግይቶም ቢሆን የመጀመሪያው ውል ተፈጸመ።

የባሕር ዳሩ ማዕከል ለጎጃምና ለጎንደር እናቶች መንገዱን እጅግ አሳጥሯል። ከአርዲቦና ከአምባሰል ተራሮች ለሚመጣ ሰው ግን ባሕር ዳርም እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ሩቅ ናት። ለዚያች እናት የሚበጀው ፊስቱላውን ከሚሰፋው ሐኪም ይልቅ ምጡ ሳይራዘም የምትደርስላት አዋላጅ ናት።

የዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የጽሑፍ ዝርዝር በሂርሽ መለኪያ ትንሽ ቁጥር ነው። ሐኪም ሳይሆን መሐንዲስ፣ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ የሆነ ሰውም የራሱን የሥራ ዘገባ ሲያዘጋጅ ከዚህ ትንሽ ዝርዝር የሚማረው አለ። ድልድዩ ተሠርቶ የተመረቀበትን ቀን መመዝገብ ቀላል ነው፤ ከሦስት ክረምት በኋላ ሁኔታው ምን እንደ ሆነ ተመልሶ አይቶ መጻፍ ግን ብዙም የተለመደ አይደለም። ሐምሊን በ1966 ያደረጉት ይህን ነው። 600 ብለው ማቆም ሲችሉ፣ ከሕክምናው በኋላ የተከተሉትን 80 ወሊዶች ጨምረው ቆጠሩ።